ከፉከራ ወደ እንጉርጉሮ፦ «ኢን ዚ ኤንድ» ከዘውጉ ሞት እንዴት ተረፈ?

ሊንኪን ፓርክ የተባለው የካሊፎርኒያ የሮክ ቡድን በሴፕቴምበር 2024 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሰባት ዓመት በኋላ አዲስ ድምፃዊት ይዞ ወደ መድረክ ሲመለስ፣ በአድናቂዎቹ መካከል የተነሣው ክርክር ከሙዚቃ ጉዳይነት አልፎ የውርስ ሙግት መልክ ያዘ። በ2017 ሕይወቱ ያለፈውን የቼስተር ቤኒንግተንን ቦታ ኤሚሊ አርምስትሮንግ መያዟን አንዳንዱ እንደ ትንሣኤ፣ ሌላው እንደ ድፍረት ቆጠረው። ክርክሩ የሚከርረው ደግሞ በአሮጌዎቹ ዘፈኖች ላይ ነበር፤ አዲስ ዘፈን ገና የማንም ስላልሆነ ማንም ቢዘፍነው የሚከፋው የለም፣ አሮጌ ዘፈን ግን ባለቤት አለው። ከአሮጌዎቹም ሁሉ ባለቤቱን ለይቶ ለመናገር እጅግ የሚያስቸግረው «ኢን ዚ ኤንድ» ነው፤ ምክንያቱም ይህን ዘፈን አንዱ ጻፈው፣ ሌላው ዘፈነው፣ ቀጥሎም በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ተረከበው።

ይህ ነጠላ ዜማ ከወጣ ሩብ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ተቃርቧል። አብሮት የገነነው የራፕ ሮክ ዘውግ፣ በተለይም «ኑ ሜታል» የሚባለው ቅርንጫፉ፣ ለረጅም ጊዜ የቀልድ ማሟሻ ሆኖ ኖሯል። ዘፈኑ ግን በስፖቲፋይ ከአንድ ቢሊዮን ጊዜ በላይ ተደምጧል፤ በዩቲዩብም የክሊፑ ተመልካች ቁጥር አንድ ቢሊዮንን ተሻግሯል። ዘውጉ ሲቀበር ዘፈኑ ለምን ቆሞ ቀረ? የናፍቆት ጉዳይ ነው የሚለው የተለመደ መልስ በቂ ሆኖ አይታየኝም፤ የዚያ ዘመን ናፍቆት ቢሆን ኖሮ ሌሎቹንም የዘመኑን ዘፈኖች በእኩል ያነሣቸው ነበር። መልሱ በዘፈኑ አሠራር ውስጥ፣ ይኸውም ነገሩን የሚተርከው ድምፅና ነገሩን የሚያለቅሰው ድምፅ ተለያይተው በመቀመጣቸው ውስጥ ይገኛል ብዬ አምናለሁ።

ራፕና ሮክ በአንድ ሸክላ ላይ መገናኘታቸው ለሕዝብ ጆሮ የደረሰው በ1980ዎቹ ነው። በ1986 የኒው ዮርኮቹ ራፐሮች ረን ዲኤምሲ የሮክ ቡድኑን የኤሮስሚዝን «ዎክ ዚስ ዌይ» ከራሱ ከቡድኑ ድምፃዊ ከስቲቨን ታይለርና ከጊታሪስቱ ከጆ ፔሪ ጋር እንደገና ሲቀርጹት፣ ዘፈኑ በአሜሪካው የቢልቦርድ መጽሔት የመቶዎቹ ዘፈኖች ሰንጠረዥ እስከ 4ኛ ደረጃ ወጣ፤ ኤሮስሚዝ ብቻውን በ1977 የደረሰው እስከ 10ኛ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ቢስቲ ቦይስ የአልበሞችን ሰንጠረዥ በመምራት የመጀመሪያው የራፕ አልበም ባለቤቶች ሆኑ፤ በ1991 የሜታሉ ቡድን አንትራክስና የራፕ ቡድኑ ፐብሊክ ኤነሚ «ብሪንግ ዘ ኖይዝ»ን አብረው ቀረጹ፤ በ1992 ደግሞ ሬጅ አጌንስት ዘ ማሽን በመጀመሪያ አልበሙ ቅይጡን ለፖለቲካ ቁጣ አዋለው። እነዚህ ሥራዎች በጥበብም በዓላማም የተራራቁ ቢሆኑም በመንፈስ የሚገናኙበት ነገር አለ፤ በእኛ ቋንቋ ስም ይውጣለት ቢባል ፉከራ ነው። ራፐሩ ደረቱን ነፍቶ ይገጥማል፣ ጊታሩ ያጓራል፣ አድማጩ ይሸልላል። ጠላቱ ፖሊስ ይሁን መንግሥት፣ ተፎካካሪ ይሁን የሰፈር ጎረምሳ፣ ብቻ ከፊት ለፊት የቆመ ባላጋራ አለ።

ፉከራው በ1990ዎቹ መጨረሻ ከቁጥጥር ወጣ። ለዚህ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው በጁላይ 1999 በኒው ዮርክ ግዛት ሮም ከተማ የተደረገው የዉድስቶክ ፌስቲቫል ሲሆን፣ በዚያ ሙቀት፣ በተወደደ የውኃ ዋጋና በደካማ ጥበቃ መካከል ዝግጅቱ በእሳት፣ በዘረፋና በሴቶች ላይ በተፈጸመ ጥቃት ተጠናቀቀ። ስሙ አብሮ የጠፋው በዚያ መድረክ የተጫወተው የራፕ ሮክ ቡድን ሊምፕ ቢዝኪት ነው። ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ቡድን ላይ መጫን ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ አዘጋጆቹ ያልሠሩትን ሥራ ሙዚቀኛ ሊሠራው አይችልም። ሆኖም ዘውጉ ከዚያ ቀን ጀምሮ በተቺዎች ዘንድ የጎረምሳ ጉልበትና የሴት ጥላቻ መለያ ሆኖ ታተመ። ገበያው ግን ይህን ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ በኦክቶበር 2000 የወጣው የሊምፕ ቢዝኪት አልበም በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ በአሜሪካ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቅጂ ሸጠ።

ከዚያ አልበም አንድ ሳምንት ቆይቶ፣ ኦክቶበር 24 ቀን 2000፣ ብዙም የማይታወቁ ስድስት ወጣቶች «ሃይብሪድ ቲዮሪ» የተሰኘ የመጀመሪያ አልበማቸውን በዋርነር ብራዘርስ በኩል አወጡ። ራፐሩ ማይክ ሺኖዳ፣ ጊታሪስቱ ብራድ ዴልሰንና ድራመሩ ሮብ ቦርደን ከሎስ አንጀለስ አጠገብ ባለችው በአጉራ ሂልስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጓደኞች ነበሩ፤ ዲጄው ጆ ሃን ከሺኖዳ ጋር የተዋወቀው በሥዕልና ዲዛይን ኮሌጅ ነው። ቤኒንግተን ከአሪዞና ፊኒክስ በ1999 መጥቶ ተቀላቀላቸው። ቡድኑ መጀመሪያ «ዜሮ»፣ ቀጥሎ «ሃይብሪድ ቲዮሪ» ይባል ነበር፤ አሁን የሚጠራበትን ስም ያገኘው በሳንታ ሞኒካ ካለ መናፈሻ ሲሆን፣ የፊደል አጻጻፉ የተለወጠው የኢንተርኔት አድራሻውን ለማግኘት እንዲቀል ተብሎ ነው። ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ቀላል ትምሰል እንጂ፣ እነዚህ ልጆች ከጅምሩ አድማጫቸውን የት እንደሚያገኙት ያስቡ እንደ ነበር ታሳያለች።

«ኢን ዚ ኤንድ» የተጸነሰው ሺኖዳ በሆሊውድ በሚገኝ መስኮት አልባ መለማመጃ ክፍል ውስጥ በሩን ቆልፎ ባደረበት አንድ ሌሊት ነው። ጓደኞቹ ጠዋት ሲመጡ የፒያኖው ዜማና አዝማቹ ተዘጋጅተው ጠበቋቸው። የራፑ ስንኞች ግን በቀላሉ አልረጉም፤ የአልበሙ ፕሮዲውሰር ዶን ጊልሞር እስኪረካ ድረስ እየተሻሩ እንደ አዲስ ተጽፈዋል። በዚያው ወቅት ከአሳታሚው ኩባንያ በኩል የሺኖዳ ራፕ እንዲቀነስና ቤኒንግተን ብቻውን ፊት እንዲወጣ ግፊት እንደ ነበረ የቡድኑ አባላት በኋላ ዘመን በሰጧቸው ቃለ ምልልሶች ደጋግመው ተናግረዋል። ቤኒንግተን ራሱ በዚህ አልተስማማም። ግፊቱ ቢሳካ ኖሮ «ኢን ዚ ኤንድ» ግማሽ አካሉ ተቆርጦ ነበር የሚወጣው።

የሚገርመው፣ ዘፈኑን በድምፁ ያነገሠው ቤኒንግተን ሥራውን አልወደደውም ነበር። እርሱ የሚፈልገው ከበድ ያለ፣ ጊታር የሚያስጮኽ ሙዚቃ ሲሆን፣ ይህ ዘፈን በአልበሙ እንዲካተት እንኳ እንዳልፈለገ ዝናው ከናኘ በኋላ በግልጽ አምኗል፤ ምን ያህል እንደ ተሳሳተ ሲናገርም በራሱ ላይ ይስቅ ነበር። አድናቂዎች ይህን ታሪክ እንደ መዝናኛ ወሬ ይቀባበሉታል። ከዚያ ያለፈ ቁም ነገር አለው፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ዘፈኑ 3 ደቂቃ ከ36 ሴኮንድ ይወስዳል። የሚከፈተው በጥቂት የፒያኖ ድምፆች ነው፤ ዜማው በማይነር ቅኝት የተሠራ፣ አንድ ጣት ለመድፈር የማይፈራው ዓይነት ሲሆን፣ ፒያኖ ተምረው የማያውቁ ስንት ወጣቶች በሰው ቤት ኪቦርድ ላይ እየነካኩ እንዳገኙት መገመት አያስቸግርም። ከዚያ የሺኖዳ ራፕ ይገባል። ስለ ጊዜ ያወራል፤ ጊዜ ውድ እንደ ሆነ፣ በመስኮት በኩል እንደሚበር፣ ሰው ሳያውቀው እንደሚያልቅ፣ አንድ ግንኙነትም እንዲሁ እንደ ባከነ ይተርካል። ድምፁ አይጮኽም፣ አያስፈራራም፤ የሆነውን ነገር በቅደም ተከተል እንደሚያስረዳ ሰው ነው። በየስንኙ መካከል የቤኒንግተን ድምፅ ከሩቅ እየገባ ጥቂት ቃላት ይጨምርና ይወጣል። ጊታሩ በዚህ ሁሉ ጊዜ ታግሦ ይቆይና አዝማቹ ሲደርስ በሩን በርግዶ ይገባል፤ ቤኒንግተንም ያን ያህል ደክሞ፣ ያን ያህል ርቆ ሄዶ፣ በመጨረሻ ሁሉም ከንቱ እንደ ሆነበት ይዘፍናል።

የአማርኛ አድማጭ ይህን አሠራር ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በለቅሶ ቤት አልቃሿ የሟቹን ታሪክ፣ ሙያውንና አወዳደቁን በግጥም ታወርዳለች፤ ለቀስተኛው ደግሞ ታሪኩን መድገም አይጠበቅበትም፣ የእርሱ ድርሻ ተቀብሎ ማልቀስ ነው። አውጪው ያውቃል፣ ተቀባዩ ይሰማዋል። «ኢን ዚ ኤንድ»ም እንዲሁ ሥራውን ለሁለት ከፍሎታል። ሺኖዳ ምን እንደ ተፈጠረ ይነግረናል፤ ቤኒንግተን የተፈጠረው ነገር ምን ያህል እንደሚያም ያሳየናል። ሊንኪን ፓርክ ይህን ያገኘው ከእኛ ነው ማለቴ አይደለም፤ የአውጪና የተቀባይ ሥርዓት በየሕዝቡ አለና። ልለው የፈለግሁት፣ ከዚያ በፊት የነበረው ራፕ ሮክ በአብዛኛው አንዱ የፎከረውን ሌላው በፉከራ የሚያጸናበት ሲሆን፣ እዚህ ግን ሁለተኛው ድምፅ የመጀመሪያውን ጥንካሬ ያፈርሰዋል። ባላጋራው ከፊት ለፊት ቆሞ አይታይም። ተናጋሪው የሚወቅሰው ሰው ቢኖርም፣ ወቀሳው ተመልሶ በራሱ ላይ ይወድቃል። ፉከራው እንጉርጉሮ ሆነ።

በዚህ ላይ «ሃይብሪድ ቲዮሪ» ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዲት የብልግና ቃል የለበትም። በዚያ ዘመን በዚያ ዘውግ ይህ ብርቅ ነበር። ዘፈኑ ሳይቆረጥና ሳይሸፈን በየሬዲዮ ጣቢያው ያልፋል፤ ልጅ በመኪና ውስጥ ሲከፍተው እናት እጇን ወደ ማጥፊያው አትሰድም። ተቺዎች ግን ይህንኑ እንደ ድክመት አዩት፤ ቡድኑ በኩባንያ ሰዎች ተቀምሞ ለገበያ የቀረበ ነው፣ ጊታር የታጠቀ «ቦይ ባንድ» ነው የሚል ሐሜት ለዓመታት ተከትሎታል። ሐሜቱን ከላይ ካነሣሁት ታሪክ ጋር ስናስተያየው ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ገበያ የሚያውቁት ሰዎች የፈለጉት ተሳክቶ ቢሆን ኖሮ ሁለቱን ድምፆች የሚያጋጥመው ይህ ቅርጽ ባልኖረ ነበር።

ዘፈኑ እንደ ነጠላ ዜማ የወጣው በኦክቶበር 2001 ከአልበሙ አራተኛ ሆኖ ነው። አልበሙ በወጣ በዓመቱ ማለት ነው፤ እስከዚያ ድረስ «ዋን ስቴፕ ክሎዘር»ና «ክሮሊንግ» መንገዱን ጠርገዋል። የወጣበት ወር ደግሞ ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት ማግሥት ነበር። በእነዚያ ሳምንታት ከአሜሪካ ትልልቅ የሬዲዮ ኩባንያዎች አንዱ የነበረው ክሊር ቻነል ለወቅቱ አይስማሙም የተባሉ ከ150 የሚበልጡ ዘፈኖችን ዝርዝር ለጣቢያዎቹ እንደ በተነ፣ በዝርዝሩም የሬጅ አጌንስት ዘ ማሽን ሥራዎች በሙሉ እንደ ተካተቱ ይታወቃል። ቁጡው የራፕ ሮክ ክንፍ አፉ በተያዘበት ሰዓት፣ ስለ ብክነትና ስለ ከንቱ ድካም የሚያንጎራጉረው ክንፍ በሩ ተከፈተለት። ከጥቃቱ በፊት የተሠራ ዘፈን ስለ ጥቃቱ ሊሆን አይችልም፤ ነገር ግን አድማጭ ዘፈንን የሚሰማው በራሱ ቀን ውስጥ ሆኖ ነው።

ውጤቱ በቁጥር ይታያል። «ኢን ዚ ኤንድ» በአሜሪካ የዘመናዊ ሮክ ሬዲዮ ሰንጠረዥን ለአምስት ሳምንታት መርቷል፤ የፖፕ ጣቢያዎችንም ሰንጠረዥ አናት ነክቷል። በአጠቃላዩ የመቶዎቹ ሰንጠረዥ በማርች 2002 እስከ 2ኛ ደረጃ ወጥቶ የጄኒፈር ሎፔዝና የጃ ሩል «ኤይንት ኢት ፈኒ» አላሳልፍ ብሎታል። በብሪታንያ 8ኛ ነበር። ቢልቦርድ የ2002ን ዓመታዊ ውጤት ሲያወጣ 7ኛ ላይ አስቀመጠው። አልበሙም በ2001 በአሜሪካ ከተሸጡት ሁሉ ቀዳሚ ሆነ፤ ሊምፕ ቢዝኪት በአንድ ሳምንት የሸጠውን ያህል ሊንኪን ፓርክ በመጀመሪያው ሳምንት አልሸጠም፣ ዳሩ ግን ሳይቋረጥ እየሸጠ በ2020 በአሜሪካ የ12 ሚሊዮን ቅጂ ማረጋገጫ ተሰጠው።

ስለ ደረጃ ከተነሣ አንድ ንጽጽር ልጨምር። በዚሁ ዘውግ የመቶዎቹን ሰንጠረዥ አናት የረገጠ ዘፈን አለ፤ የክሬዚ ታውን «በተርፍላይ» በ2001 አንደኛ ወጥቷል። ዛሬ ያን ዘፈን የሚያስታውሱት አብዛኛውን ጊዜ ፈገግ እያሉ ነው። አንደኛ የወጣው የዘመን ምልክት ሆኖ ሲቀር ሁለተኛ የወጣው ዛሬም ድረስ በሕዝብ አፍ መኖሩ፣ የሰንጠረዥ ደረጃ የአንድን ሳምንት ትኩሳት እንጂ የአንድን ዘፈን ዕድሜ እንደማይለካ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ተቺዎቹ ዘፈኑን በሁለት መልክ ተቀበሉት። የአልበሙ የመጀመሪያ ግምገማዎች ከመካከለኛ ብዙም ያልዘለሉ ነበሩ፤ ቅንብሩ የተጣራ፣ ግጥሙ ደግሞ ጥቅል መሆኑ ተደጋግሞ ተነሥቷል። የቅንብሩ ጥራት የማይካድ ነው። የግጥሙ ጥቅልነትም እውነት ነው፤ ዘፈኑ ውስጥ የሰው ስም የለም፣ ከተማ የለም፣ ስለ ማን እንደሚወራ እንኳ አይታወቅም። ይህን በጽሑፍ ላይ እንደ ጉድለት ማየት ይቻላል። ነገር ግን ቀላልና ጥቅል ቃል ድንበር ሲሻገር ቀረጥ አይከፍልም። እንግሊዝኛን በክፍል ውስጥ ብቻ የተማረ ልጅ፣ አዲስ አበባም ይሁን ጃካርታ፣ የኒው ዮርክ ራፐር ስለ ሰፈሩ የሚናገረውን ግማሹን አይረዳም፤ ሺኖዳ ስለ ጊዜ የሚናገረውን ግን በአንድ ጊዜ ይይዘዋል፣ ቃላቱም ጥርት ብለው ስለሚነገሩ ለመከተል አይቸገርም። እኔም የእንግሊዝኛ ራፕን ስንኝ በስንኝ ተከትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የዘለቅሁት በዚህ ዘፈን እንደ ሆነ ብናገር ብቻዬን አልሆንም።

ክሊፑን ናታን ኮክስና የቡድኑ ዲጄ ጆ ሃን አብረው ያዘጋጁት ሲሆን፣ በረሃ ላይ የቆመ ግዙፍ ሕንፃ፣ በሰማይ የሚበር ዓሣ ነባሪ፣ በመጨረሻም ደረቁን ምድር የሚያረሰርስ ዝናብ ይታይበታል። በ2002 የኤምቲቪን የምርጥ የሮክ ቪዲዮ ሽልማት አግኝቷል። የኮምፒውተር ሥዕሉ ዛሬ ሲያዩት ያረጀ ጨዋታ ይመስላል፤ ስለ ቪዲዮው ከዚህ በላይ ማለት አያስፈልግም።

ይልቅስ ዘፈኑ ሕዝብ እጅ ከገባ በኋላ የሆነው ይበልጣል። በዩቲዩብ የመጀመሪያ ዓመታት ወጣቶች ከጃፓን አኒሜ ፊልሞች የውጊያና የለቅሶ ትዕይንቶችን እየቆራረጡ በሊንኪን ፓርክ ዘፈኖች ላይ ይገጣጥሙ ነበር፤ ልማዱ ከመብዛቱ የተነሣ ራሱን የቻለ ቀልድ እስኪሆን ደረሰ። የአዝማቹ ቃላትም እንዲሁ የተከዘ ጎረምሳ ማሳለቂያ ሆኑ፤ ፈተና የወደቀ፣ ኳስ የሳተ፣ እንጀራው ያረረበት ሁሉ እነዚያን ቃላት ይጽፋል። ቡድኑም ዘፈኑን እንደ ተቀደሰ ዕቃ አልሸሸገውም፤ በ2002 «ሪአኒሜሽን» በተሰኘው አልበም አፍርሶ በአዲስ ቅንብር ሠራው፣ በ2004 ደግሞ ከራፐሩ ከጄይ ዚ ጋር ባወጣው ሥራ የሺኖዳን ፒያኖ ከጄይ ዚ «ኢዞ» ጋር አጋባው። በኋላም ቶሚ ፕሮፊት የተባለው ፕሮዲውሰር ፍሉሪ ከተባለች ድምፃዊት ጋር በዝግታ የሠራው ቅጂ ወደ አዲስ ትውልድ ጆሮ አደረሰው። የሚያስቀውና የሚያሳዝነው በአንድ አዝማች ውስጥ አብሮ መኖሩ ለዘፈኑ መዳከም ምልክት የሚመስላቸው አሉ። እኔ ግን ተቃራኒውን አያለሁ፤ ሰው ሊቀልድበት የሚችለው በቃሉ የያዘውን ነገር ብቻ ነው።

ጁላይ 20 ቀን 2017 ቤኒንግተን በ41 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። በልጅነቱ ስለ ደረሰበት ጥቃትና ከሱስ ጋር ስላደረገው ትግል በሕይወቱ ሳለ በግልጽ ይናገር ስለ ነበር፣ አድማጮች ዘፈኖቹን ወደ ኋላ ተመልሰው እንደ ኑዛዜ ማንበብ ጀመሩ። «ኢን ዚ ኤንድ»ም ከዚህ አላመለጠም፤ ሁሉም ነገር በመጨረሻ ከንቱ ነበር የሚለው አዝማች ከሞቱ በኋላ ሲሰማ ሌላ ነገር ሆነ። ሐዘኑ የሚገባ ነው። ንባቡ ግን ከላይ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ ያልሁትን ታሪክ ይዘነጋል፤ አዝማቹን ሌሊት ብቻውን ያገኘው ሺኖዳ ነው፣ ቤኒንግተን ደግሞ በአልበሙ እንዲገባ እንኳ አልፈለገም ነበር። ይህ የቤኒንግተንን ድርሻ አያሳንስም። ጥሩ አልቃሽ የራሱ ባልሆነው ሐዘን ውስጥ ገብቶ የራሱ ያደርገዋል፤ ይህ ሰውም የጓደኛውን ቃል ወስዶ፣ ሰሚው ሁሉ ከእርሱ ሆድ የወጣ እስኪመስለው ድረስ አለቀሰው። ዘፈኑ ግን ከመጀመሪያውም የአንድ ሰው ኑዛዜ አልነበረም፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ የመጣ ነው።

ያ መተላለፍ ኦክቶበር 27 ቀን 2017 በሎስ አንጀለስ ሆሊውድ ቦውል በተደረገው የመታሰቢያ ዝግጅት በዓይን ታየ። በርካታ እንግዶች የቤኒንግተንን ቦታ በየተራ ሸፍነው ሲዘፍኑ፣ «ነምብ» በተባለው ዘፈን ላይ ግን ማንም አልተተካም፤ ማይክሮፎኑ በአበባ እንዳጌጠ ብቻውን ቆመ፣ ሙዚቃው ሄደ፣ የዘፈነው ሕዝቡ ነበር። በ2018 ሺኖዳ ብቻውን ጉዞ በወጣ ጊዜ ደግሞ «ኢን ዚ ኤንድ»ን በፒያኖ እየመታ ራፑን ራሱ እያለ፣ አዝማቹን ለታዳሚው ተወው። የሚዘፍነው ሰው ሲጎድል ዘፈኑ አልጎደለም። ሥራው ለሁለት የተከፈለ በመሆኑ አንዱ ክፍል ባዶ ሲሆን ቅርጹ እንዳለ ቆየ፤ አውጪው በቦታው አለ፣ ተቀባይ ደግሞ ሞልቷል። በአንድ ሰው ድምፅ ከጫፍ እስከ ጫፍ በተያዘ ዘፈን ይህን ማድረግ እጅግ ይከብድ ነበር።

አሁን ወደ መነሻችን ስንመለስ፣ የ2024ቱ ክርክር በዚህ ብርሃን የተለየ መልክ ይይዛል። በ2023 የወጣው፣ በቤኒንግተን ድምፅ ተቀርጾ ለ20 ዓመት የተቀመጠው «ሎስት» ያገኘው ሞቅ ያለ አቀባበል አድማጩ የድሮውን ድምፅ ምን ያህል እንደ ናፈቀ አሳይቷል። በሴፕቴምበር 2024 አርምስትሮንግ ስትታወጅ የተነሣው ተቃውሞም ሁሉም ከአንድ ምንጭ አልነበረም፤ ከፊሉ ሐዘን ነው፣ ከፊሉ በድምፃዊቷ የቀድሞ ግንኙነቶች ላይ የቀረበ ጥያቄ ነው፣ ከፊሉም ሴት ድምፃዊትን በዚህ ዘውግ ማየት የከበደው አድማጭ ነው። ከእነዚህ የመጨረሻው ዉድስቶክን ያስታውሰኛል።

ቡድኑ የመለሰው በቅርጽ ነው። የመመለሻው ነጠላ ዜማ «ዚ ኤምፕቲነስ ማሽን» ሲጀምር የሚሰማው የሺኖዳ ድምፅ ነው፤ የመጀመሪያውን ክፍልና አዝማቹን እርሱ ይዘፍናል፣ አርምስትሮንግ የምትገባው ከዚያ በኋላ ነው። ነባሩ ሰው በሩን ከፍቶ እንግዳዋን እጇን ይዞ እንደሚያስገባ ዓይነት ነው። በብሪታንያ እስከ 4ኛ ደረጃ ወጣ፤ «ኢን ዚ ኤንድ» በዘመኑ ከደረሰበት አራት ደረጃ ከፍ ብሎ ማለት ነው። «ፍሮም ዜሮ» የተሰኘው አልበም በኖቬምበር ተከተለ፤ በሜይ 31 ቀን 2025 ቡድኑ በሙኒክ ከሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ጨዋታ በፊት ሲጫወት፣ ስለ ሊንኪን ፓርክ ሰምቶ የማያውቅ የኳስ ተመልካች ሳይቀር በየቤቱና በየኳስ ማሳያው አየው።

አርምስትሮንግ የቤኒንግተንን ድምፅ ለመቅዳት አትሞክርም፤ ጩኸቷ ሻካራ፣ ከጉሮሮ በታች የሚወጣ የራሷ ጩኸት ነው። በአንዳንድ አሮጌ ዘፈኖች ላይ ልዩነቱ ጆሮን ይቆረቁራል፤ በተለይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የእርሱ በነበሩት ላይ። «ኢን ዚ ኤንድ» ሲመጣ ግን ነገሩ ይቀላል። ሺኖዳ ራፑን እንደ ቀድሞው ይተርካል፣ አዝማቹ ሲደርስ ደግሞ የእርሷ ድምፅ በስታዲየሙ ሕዝብ ድምፅ ውስጥ ይገባል፣ አንዳንዴም ይሰጥማል። ከፊት ረድፍ ከሚዘፍኑት መካከል ዘፈኑ ሲወጣ ገና ያልተወለዱ ብዙዎች ናቸው። ማብቂያው ላይ ጊታሩ ዝም ይላል፣ ድራሙም ያቆማል፤ የሚቀረው ሺኖዳ በዚያች በተቆለፈች ክፍል ውስጥ ያገኘው የፒያኖ ዜማ ብቻ ነው።